ሆድን መሙላትና ኃይልን መስጠት የተለያዩ ስለ መሆናቸው፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስላለው የእህልና የመኖ ማብዣ የተጻፈ ትምህርት

ብዙ ሰው ምግብ ማለት ሆድን የሚሞላ ነገር ነው ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የሰው ምግብም ሆነ የከብት መኖ በሁለት ነገር ይመዘናል፤ አንደኛው በሆድ ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ነው፤ ሁለተኛው ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል ነው። ገበያው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በቁና ቢሰፈር፣ በኩንታል ቢመዘን፣ በሊትር ቢለካ፣ ለዓይን የሚታየው ብዛቱና ክብደቱ እንጂ ውስጡ ያለው ኃይል አይደለም። ስለዚህ ኃይሉ ጥቂት የሆነ ነገር ከብርቱ ምግብ ጋር ሲቀላቀል ሻጩ ያተርፋል፤ ገዢው ሳያውቀው ይከስራል፤ የበላው ሰው ወይም ከብት ደግሞ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይከሳል። ለዚህ ሥራ የሚገባው ነገር ሁሉ፣ ፉርሽካም ይሁን ገለባ፣ ውሃም ይሁን ጀሶ፣ በዚህ ጽሑፍ ማብዣ ተብሎ ይጠራል።

ነገሩ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚያሳስብ ሆኗል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከጥንት ጀምሮ ለዋናው ከተማ ወተትና ቅቤ፣ ድርቆሽና እህል ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው፤ ይህም ሥራ ዛሬ አልተቋረጠም። ነገር ግን ከጨፌው ብዙው ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ ቤት ስለ ተለወጠ፣ ቀድሞ ላሙን በሜዳ ያሰማራ የነበረው ሰው ዛሬ መኖውን በጆንያ ይገዛል። በሜዳ የምትግጥ ላም የሚበጃትን ራሷ ትመርጥ ነበር፤ በበረት የታሰረች ላም ግን ነጋዴው የቀላቀለውን ከመብላት በቀር ሌላ ምርጫ የላትም። የሰውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ እህሉን ራሱ አምርቶ ያስፈጭ የነበረው ቤተ ሰብ አሁን ዱቄት፣ አልፎም የተጋገረ እንጀራ ይገዛል።

ኃይል የሚለካበት መለኪያ ካሎሪ ይባላል። የአንድ ኪሎ ውሃ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ እንዲል የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ኪሎካሎሪ ነው፤ ከዚህ በታች ካሎሪ ሲባል ይኸው ትልቁ መለኪያ መሆኑ ይታወቅ። የምግብን ኃይል ለማወቅ ምግቡ በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ይቃጠልና የሰጠው ሙቀት ይለካል። በዚህ ምርመራ አንድ አስደናቂ ነገር ይታያል። አንድ ኪሎ የደረቀ ስንዴ ቢቃጠል 4,400 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ የደረቀ የስንዴ ጭድ ቢቃጠል ደግሞ 4,300 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። በእሳት ሚዛን እህልና ጭድ እኩል ናቸው ማለት ነው። ለምድጃ ከሆነ ጭዱም እንደ እህሉ ነው፤ ጭድ በልቶ የሚያድር ሰው ግን የለም።

የልዩነቱ ምክንያት ይህ ነው። የእህሉ ስታርችና የጭዱ ሴሉሎስ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ስኳር የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት ስኳሮቹ እርስ በርሳቸው በተያያዙበት መንገድ ብቻ ነው። የሰው ሆድ የስታርችን ማያያዣ ይፈታል፤ የሴሉሎስን ግን ሊፈታው አይችልም። ስለዚህ አሜሪካዊው ሊቅ ዊልበር አትዋተር (ከ1844 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. የኖረ) በእሳት የተገኘውን ብቻ ሳይሆን ከሰውነት ሳይፈጭ የሚወጣውን ጭምር መርምሮ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ እንደሚሰጥ ወሰነ። ይህ አቈጣጠር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለአሰር፣ ማለት በቅርፊትና በገለባ ላለው የማይፈጭ ክፍል፣ የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በአንድ ግራም 2 ካሎሪ እንዲታሰብ መክሯል፤ ይኸውም በትልቁ አንጀት ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ከአሰሩ ከፊሉን እያብላሉ ጥቂት ኃይል ስለሚያወጡለት ነው። ሁለት የተባለውም በአማካይ ነው፤ ንጹሕ ሴሉሎስና እንጨት ለሰው የሚሰጡት ከምንም አይቈጠርም።

እንግዲህ ማብዣዎቹን በዚህ መለኪያ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,670 ካሎሪ ያህል አለው፤ አንድ ኪሎ ነጭ የስንዴ ዱቄት ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ 2,160 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፣ ከክብደቱ ከመቶ 40 በላይ የሚሆነው አሰር ነው። ሰጋቱራ ለሰው ምንም አይሰጥም። ጀሶ ድንጋይ ስለ ሆነ በእሳት እንኳ የማይነድ ነው። በአዲስ አበባ ጀሶ ወይም ሰጋቱራ ከጤፍ ዱቄት ጋር ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩ ተያዙ ስለ ተባሉ ሰዎች ባለፉት ዓመታት በጋዜጣ ተነግሯል፤ ሰውም ነገሩን ስለ ጤና ፈርቶ እጅግ ተቈጣ። ቍጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመርዙ ፍርሃት ሌላ በቍጥር የሚገለጽ ስርቆት አለበት፤ እርሱን ያሰበው ሰው ጥቂት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለአንድ ችግረኛ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ብሎ ይተምናል። አንድ ኩንታል ንጹሕ ጤፍ 367,000 ካሎሪ ስላለው፣ ሌላ ነገር ሳይጨመር ቢታሰብ የአንድ ሰው የ175 ቀን ቀለብ ይሆናል። ከኩንታሉ 10 ኪሎው ወጥቶ በምትኩ ፉርሽካ ቢገባ ቀለቡ ወደ 168 ቀን ይወርዳል፤ የጐደለው 7 ቀን ያህል ነው። በ10 ኪሎው ፈንታ ጀሶ የገባ እንደ ሆነ ግን ቀለቡ 157 ቀን ብቻ ይሆናል፤ ከአንድ ኩንታል የ17 ቀን ተኩል ምግብ ተሰርቋል ማለት ነው። ሚዛኑ ግን በሁለቱም ጊዜ ሳይጐድል 100 ኪሎ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ዱቄት ዓመቱን ሙሉ የሚገዛ ቤተ ሰብ ከዓመቱ ምግብ የ36 ቀኑን ጀሶ በልቷል። ሀብታም ቤት ጉድለቱን በሥጋና በቅቤ ይሞላዋል፤ በቀን ሥራ የሚኖረው ሰው የሚሞላበት ነገር የለውም።

ሆኖም ፉርሽካን ከጀሶ ጋር በአንድ ጅራፍ መግረፍ ፍርድ ማጓደል ነው። ፉርሽካ ለአንጀት የሚጠቅም ነገር ነው፤ ተቀምጦ የሚውልና ሰውነቱ የከበደ የከተማ ሰው ከነቅርፊቱ የተፈጨ ዱቄት ቢበላ ይሻለዋል። በአውሮፓና በአሜሪካም የምግብ ፋብሪካዎች የጥጋብን ጉዳት ለመቀነስ ብለው የሴሉሎስ ዱቄትን፣ ወይም በአንድ ግራም 1 ካሎሪ ብቻ የሚሰጠውን ፖሊዴክስትሮስ የሚባለውን ማብዣ ሆን ብለው ይጨምራሉ። በዚያ አገር ማብዣው በዕቃው ላይ ተጽፎ ይሸጣል፤ ገዢውም የሚፈልገው የካሎሪውን ማነስ ነው። ጥፋቱ ከማብዣው ሳይሆን ከመደበቁ ነው፤ ደግሞም ኃይል ለጐደለው ሰው ኃይል የሌለው ነገር በኃይለኛው ዋጋ ከመሸጡ ነው።

ከማብዣዎች ሁሉ የበለጠው ግን ውሃ ነው። ውሃ ካሎሪ የለውም፤ በነጻ ይገኛል፤ በክብደትም በስፍርም ይገባል። እንጀራ ራሱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ከመቶ 60 ውሃ የሆነ እንጀራ በአንድ ኪሎ 1,600 ካሎሪ ገደማ ይኖረዋል። በዚህ ማንም አይታለልም፤ እንጀራን ሁሉ ያውቀዋልና። ጉዳቱ የሚብሰው በሕፃን ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ወተት ሌላ በቀን 550 ካሎሪ ያህል ከምግብ ያስፈልገዋል። በአንድ ሊትር ውሃ 100 ግራም ዱቄት ብቻ ተበጥብጦ የተሠራ ቀጭን አጥሚት ከ365 ካሎሪ አያልፍም። የዚህ ዕድሜ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም ብዙ አይዝም። ስለዚህ ኃይሉን በዚህ አጥሚት ብቻ ለማግኘት በየቀኑ ከአምስት ጊዜ በላይ ሆዱ እስኪወጠር መጠጣት ሊኖርበት ነው። እናቲቱ ልጇን ደጋግማ አጥግባዋለች፤ ልጁም ጠግቦ ተኝቷል፤ ክብደቱ ግን አይጨምርም። መድኃኒቱ ከቤት የራቀ አይደለም። ገንፎውን አወፍሮ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት፣ ብቅሉ ስታርቹን ስለሚያቀልጠው ዱቄቱ ሳይቀነስ ገንፎው ይቀጥናል፤ 10 ግራም ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ቢገባበት 90 ካሎሪ ያህል ይጨምራል።

ወተትም እንደዚሁ ነው። አንድ ሊትር የላም ወተት 650 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በ10 ሊትር ላይ 2 ሊትር ውሃ ቢጨመር እያንዳንዱ ሊትር ወደ 540 ይወርዳል። የወተት መሰብሰቢያ ስፍራዎች ይህን በላክቶሜትር ይመረምራሉ፤ ንጹሕ ወተት ጥግግቱ ከ1.028 እስከ 1.032 ነው፤ ውሃ ሲገባበት ይወርዳል። ነገር ግን ተንኰለኛ ሰው አስቀድሞ ቅባቱን ያወጣል። ቅባት ከውሃ ስለሚቀል፣ ቅባቱ ሲወጣ ጥግግቱ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ሲጨመርበት ወደ ቀድሞው ቍጥር ይመለሳል። ላክቶሜትሩ ምንም አላየም፤ ወተቱ ግን ሁለት ጊዜ ተሰርቋል። ስለዚህ ላክቶሜትር ብቻውን ይበቃል ተብሎ ሊታመን አይገባም፤ የቅባት መጠን በገርበር ምርመራ ሊታይ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ላሟ ይመለሷል። ላም ሰው የማይችለውን ታደርጋለች። በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን የሴሉሎስን ማያያዣ ይፈታሉ፤ ስለዚህ ለሰው ምንም የማይሰጠው ጭድ ለእርሷ በደረቅ ኪሎ 1,550 ካሎሪ ያህል ይሰጣታል። ጥሩ ድርቆሽ 2,000፣ የስንዴ ፉርሽካ 2,550፣ የኑግ ፋጉሎ 2,400 ገደማ ይሰጧታል። እነዚህ ቍጥሮች እንደ መኖው ጥራት ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ለስሌት ግን ይበቃሉ።

400 ኪሎ የምትመዝን የተዳቀለች ላም በሕይወት ለመቈየት ብቻ በቀን 11,000 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል፤ ከዚህ በላይ ለምትሰጠው ለአንድ አንድ ሊትር ወተት 1,200 ይጨመራል። ጭድ ብቻ የቀረበላት እንደ ሆነ፣ ጨጓራዋ እስኪሞላ በልታ ከ8 ደረቅ ኪሎ ብዙ አታልፍም፤ ይህም 12,400 ካሎሪ ነው። ሕይወቷን ከያዘች በኋላ የተረፋት ለአንድ ሊትር ወተት ነው። ይህም በመልካሙ ሲታሰብ ነው። ጥቃቅኖቹ ሕያዋን ሥራቸውን ለመሥራት በመኖው ውስጥ ቢያንስ ከመቶ 7 ያህል ፕሮቲን ይሻሉ፤ የጤፍና የስንዴ ጭድ ግን ከመቶ 5 እንኳ የሚደርሰው በጭንቅ ነው። ስለዚህ ጭዱ በጨጓራዋ ውስጥ ሳይፈጭ ይቈያል፤ ላሟም አዲስ የምታስገባበት ስፍራ ታጣለች፤ በቀን 6 ኪሎ ብቻ ከበላች 9,300 ካሎሪ ታገኛለች፤ የጐደለውንም ከገዛ ሥጋዋ ታወጣለች። ጐኗ ተነፍቶ አከርካሪዋ የወጣ ላም በየበረቱ ትታያለች፤ ባለቤቷም በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል።

በዚያው ላም ፊት 7 ደረቅ ኪሎ መልካም ድርቆሽና 4 ደረቅ ኪሎ የፉርሽካና የፋጉሎ ድብልቅ ቢቀርብ ከ23,600 ካሎሪ የማያንስ ይሆናል፤ ይህም ለሕይወቷ የሚበቃውን ሰጥቶ ለ10 ሊትር ወተት ይተርፋል። ከድብልቁ አንዱ ኪሎ አሸዋ ወይም ጀሶ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ በየቀኑ 2 ሊትር ወተት ይቀራል። ስለዚህ በቡራዩ ገበያ ፉርሽካ የሚገዛ ሰው ከፉርሽኬሎውና ከፉርሽካው ዋጋ ይልቅ ንጽሕናውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በኩንታል ጥቂት ብር የረከሰ ነገር በወተት ብዙ እጥፍ ያስከፍላልና።

በሰበታ ያለው የሜታ ቢራ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የቢራ አተላ፣ ማለት ብቅሉ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባና ፍርፋሪ፣ በአካባቢው ለታወቀ የላም መኖነት በቅቷል። መኖው መልካም ነው፤ በደረቁ ሲታሰብ ፕሮቲኑ ከፉርሽካ ይበልጣል። ነገር ግን እርጥቡ ከመቶ 75 እስከ 80 ውሃ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ አተላ 22 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ብቻ ስላለው 53,000 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ 100 ኪሎ ፉርሽካ ግን 224,000 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በኃይሉ ብቻ ከታሰበ፣ ለአተላው ከፉርሽካው ሩብ ዋጋ በላይ የከፈለ ሰው ውሃ ገዝቷል፤ የመኪናውም ኪራይ ውሃ ለመጫን ወጥቷል። ሁለተኛም እርጥቡ አየር ካገኘው በጥቂት ቀን ይሻግታል። ሻጋታ ቀላል ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በሁሉም እንዳለ፣ በአውሮፓ ሕግ ከተፈቀደው መጠን ያላለፉትም 9 ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቷል፤ መርዙም በተለይ ከኑግ ፋጉሎ እንደሚመጣ ተገልጿል።

በሱሉልታ ያለው ጥያቄ የድርቆሽ ነው። ሣሩ አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ከታጨደ ኃይሉም ፕሮቲኑም ከፍ ያለ ነው፤ ፍሬው ረግፎ አገዳው እስኪደርቅ ከቈየ ክምሩ ይበዛል፤ ውስጡ ግን ወደ ጭድ ይቀርባል። የጨፌው ባለይዞታ በመኪና ጭነት ወይም በእስር ስለሚሸጥ ክምሩ እንዲበዛ ይጠብቃል፤ ዝናቡም ስለማይመች እስከ ኅዳር ያቈየዋል። ገዢው ቀድሞ ለታጨደው የተሻለ ዋጋ ካልከፈለ ባለይዞታው ቀድሞ ሊያጭድ ምክንያት የለውም። የወረዳው ሹም ይህን በትእዛዝ ሊያደርጉት አይችሉም፤ የወተት ማኅበራትን ከጨፌ ባለይዞታዎች ጋር አገናኝተው የማጨጃው ቀን በውሉ እንዲጻፍ ማድረግ ግን ይችላሉ።

ሹማምንቱ ያለ ብዙ ወጪ ሊያሠሩት የሚችሉት ምርመራም አለ። እርጥብ መኖ ሲመጣ አንድ ኪሎ ተወስዶ በምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቅና ይመዘናል፤ የቀረው ግራም እውነተኛው መኖ ነው። ፉርሽካ ሲጠረጠር አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ይነሰነሳል፤ ፉርሽካው ይንሳፈፋል፤ አሸዋና ጀሶ ይዘቅጣል። ዱቄት ሲጠረጠር 100 ግራሙ በብረት ዕቃ ላይ አመድ እስኪሆን ይቃጠላል። ንጹሕ የጤፍ ዱቄት 3 ግራም ያህል አመድ ይተዋል፤ ከመቶ 10 ጀሶ ያለበት ግን 10 ግራም ያህል ይተዋል። በዚህ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጤፍ በአውድማ ላይ በከብት እግር ስለሚበራይ አፈር ይገባዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ግራም ቢበልጥ ገበሬውን ወንጀለኛ አያሰኘውም። በምጣድና በብርጭቆ የተገኘው ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ለፍርድ የሚቀርበው ናሙናው በምርመራ ቤት ከታየ በኋላ ነው።

ጭድ ብቻ ያለው ሰውም ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በ50 ሊትር ያህል ውሃ ተሟሙቶ በጭዱ ላይ በእኩል ይረጫል፤ ጭዱም በጕድጓድ ወይም በላስቲክ ተጨቍኖ አየር እንዳይገባው ይዘጋል። በሞቃት አገር በ3 ሳምንት ይበስላል፤ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርድ ስፍራ አንድ ሳምንት ቢጨመርለት ይሻላል። ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ የአገዳውን ማያያዣ ያላላል፤ ለጥቃቅኖቹ ሕያዋንም የጐደላቸውን ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል፤ ላሟም ከዚያው ጭድ የበለጠ ትበላለች። ከተከፈተ በኋላ ሽታው እስኪለቀው ለጥቂት ሰዓት በአየር ላይ ይሰጣል። ዩሪያው በውሃ ሳይሟሟና በጭዱ ላይ ሳይበስል ላም ከላሰችው ወይም ከጠጣችው ይገድላታልና ጆንያው ከበረት ርቆ ይቀመጥ። ጨጓራው ገና ያልበሰለ ጥጃ ደግሞ ከዚህ ጭድ አይሰጠውም።